ከመሸፈኑ በፊት አሳየኝ

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር፤ ኡኬ



ባለፈው ወር የቁጠባ ሒሳባችን ከተነበበ በኋላ አራት እህቶች ለኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣ ብድር ጠይቀው ነበር። ያን ጊዜ እጄን አውጥቼ “ከምጣዱ በፊት ገመዱ ይታይ” አልኩ። አንዷ እህታችን “ገመድ ደግሞ ምኑ ይታያል?” ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ሰብሳቢያችንም “እንግዲያው በሚቀጥለው ወር አንቺው ታስረጂናለሽ” አሉኝ። ይኸው መጣሁ።

አስቀድሜ ልናገር። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ቤቷ ሊቃጠልባት የነበረች እንጀራ ጋጋሪ ነኝ። የምነግራችሁም ገመድ እንድትቀጥሉ አይደለም። ገመድ ሲቀጠልላችሁ ምን ብላችሁ መጠየቅ፣ ምንስ ማየት እንዳለባችሁ ነው።

ቤቴን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ክፍል። እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች ማስረከብ ስጀምር ከኋላ ማድ ቤት አስቀጠልኩ። ከሳሎን ወደ ማድ ቤቱ በር ለመክፈት የተመረጠው ግድግዳ ግን ማከፋፈያ ሳጥኑ ያለበት ሆነ። ብሬከሮቹ የተደረደሩበትን፣ እኛ ቦርድ የምንለውን ማለቴ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ጎን ሊዛወር ግድ ሆነ።

ሥራውን የያዘው ልጅ ቦርዱን ከነቀለ በኋላ ጠራኝና “አዴ፣ የድሮዎቹ ሽቦዎች አዲሱ ቦታ ድረስ አይደርሱም። አዲስ ሽቦ ከየክፍሉ እንጎትት ወይስ ያለውን እንቀጥል?” አለኝ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “የቱ ይረክሳል?” አልኩት። “መቀጠሉ” አለኝ። “እንግዲያው ቀጥል” አልኩ።

ይህን የምናገረው ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ ላለመጫን ነው። ልጁ ጠይቆኛል። የመረጥኩት እኔ ነኝ። እኔ ግን ምን እንደመረጥኩ አላውቅም ነበር፣ እሱም አላስረዳኝም። ሽቦውን ከሽቦ ጋር በፒንሳ ጠመዘዘ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለ፣ ጥቅሉን ከብሬከሮቹ ጀርባ አጨቀና ክዳኑን ገጠመ። ከውጭ ሲታይ ያምር ነበር። ቡና አፍልቼ፣ ሒሳቡን ከፍዬ፣ መርቄ ሸኘሁት።

ምጣዱንና ስቶቩን አንድ ላይ ስለኩስ ብሬከሩ መውረድ ጀመረ። ሊጥ አዙሬ ግማሽ ላይ ስደርስ ይወርዳል፤ ሄጄ አነሳዋለሁ፤ ደግሞ ይወርዳል። ልጁን አስጠራሁትና “ይህ ብሬከር ደካማ ነው፣ ቀይርልኝ” አልኩት። 16 የሚለውን አውጥቶ 32 የሚለውን ገጠመ። ከዚያ ወዲያ መውረዱ ቀረ፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ምልክቶች መታየት ጀመሩ። ምጣዱን ስለኩስ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ይላል፣ አንዳንዴም ጥቅስ ጥቅስ ያደርጋል። “የመስመር ኃይል አንሶ ነው” አልኩ። በሩ አጠገብ ሳልፍ ላስቲክ ሲለበለብ ዓይነት ሽታ ይሸተኛል። “ጎረቤት ቆሻሻ አቃጥሎ ነው” አልኩ። የቦርዱ ክዳን ለብ ይላል። “አገሩ ቆላ ነው፣ ምን የማይሞቅ አለ” አልኩ። ቤቴ ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ምክንያት ሰጠሁለት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሃምሳኛውን እንጀራ ሳወጣ ልጄ ከሳሎን “እማዬ፣ ግድግዳው ይጨሳል!” ብላ ጮኸች። ስደርስ ከቦርዱ ክዳን ዙሪያ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ከውስጥ ደግሞ ጨው እሳት ላይ የተጣለ ይመስል ይንጣጣል። እንስራ ውሃ አጠገቤ ነበር፤ እጄ ወደዚያው ሄደ። ልጄ ክንዴን ይዛ “ውሃ አይደረግም! በትምህርት ቤት ተምረናል!” አለች። ደግነቱ ዋናው ማጥፊያ ከቆጣሪው ሥር፣ በውጭው ግድግዳ ላይ ነበር። ሮጬ አወረድኩት። ጎረቤቶች ደረቅ አፈር በአካፋ እየሰጡን በተንን፣ እሳቱም ጠፋ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ማገር ግን እስከ ማታ ድረስ ሲጨስ ቆየ።

ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ ግን ሦስት ሳምንት አልጋገርኩም። ከደንበኞቼ ሁለቱ ሌላ ጋጋሪ ያዙ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። ያተረፍኩት የጥቂት ሜትር ሽቦ ዋጋ ነበር።

ቦርዱን እንደገና የሠሩልኝ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ናቸው። የተቃጠለውን ከፍተው የተጠመዘዘውን ሽቦ በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡና “ልጄ፣ ይህን ተመልከቺ፤ እሳቱ የተነሳው ከዚህ ነው” አሉኝ። መዳቡ ጠቁሯል፣ ፕላስተሩ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። እኔም “ጋሼ፣ ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ብሬከር የሚገባው ለዚህ አይደለም ወይ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። የሰጡኝን መልስ ነው ዛሬ ላካፍላችሁ የመጣሁት።

ከነቀምት ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገዳችንን አስቡት። መንገዱ ሰፊ ሲሆን መኪናው ይፈስሳል። አንድ ቦታ ላይ ድልድዩ ቢጠብ ግን መኪናው ሁሉ እዚያ ይጨናነቃል፤ መተሻሸቱም መፋተጉም እዚያ ነው። የሽቦ መቀጠያም እንደዚያ ድልድይ ነው። በደንብ ከተጣበቀ ኤሌክትሪኩ መቀጠያ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ከላላ ግን ሽቦው የሚነካካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ይግላል።

ምን ያህል ይግላል? ጋሼ በወረቀት አስልተው አሳዩኝ፤ እኔም ደግሜ አስልቼዋለሁ። የምጣዴ ጀርባ ላይ 3500 ዋት ተጽፏል። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። 3500ን ለ220 ስናካፍል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የላላው መቀጠያ የሚያሳየው ተቃውሞ ግማሽ ኦም ብቻ ቢሆን፣ እዚያች ቦታ ላይ የሚወጣው ሙቀት 16 ጊዜ 16 ጊዜ ግማሽ፣ ማለት 128 ዋት ነው። የድሮውን ባለ 100 አምፖል ታስታውሳላችሁ? ሲበራ እጅ አያስነካም ነበር። ከዚያ የበለጠ ሙቀት በአውራ ጣት በምታክል የፕላስተር ጥቅል ውስጥ፣ መውጫ በሌለው ሳጥን ውስጥ፣ እንጀራ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የተለመደው ሽቦ ልባሱ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት እንዲችል ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይለሰልሳል፣ ቆይቶ ይከስላል።

ታዲያ ብሬከሩ ለምን አይወርድም? ብሬከር የሚቆጣጠረው በእሱ በኩል የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን ነው። መጠኑ ሲበዛ ይወርዳል፤ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካም ይወርዳል። መቀጠያው ሲላላ ግን የሚያልፈው መጠን አይጨምርም፤ እንዲያውም ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ብሬከሩ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። እህቶቼ፣ ከሰማችሁት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የላላ መቀጠያን ብሬከር አያይልንም። የሚያየው ዓይናችን፣ የሚያሸተው አፍንጫችን ነው። ያውም ከመሸፈኑ በፊት።

ሌላም ነገር አለ። መዳብ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። በጋገርን ቁጥር ይሞቃል፣ ባቆምን ቁጥር ይበርዳል። በእጅ የተጠመዘዘ ሽቦ በዚህ መመላለስ ቀስ በቀስ ይላላል። ስለዚህ “ስድስት ወር ሠርቷል፣ ምንም አልሆነም” ማለት ማስተማመኛ አይደለም። የኔም ለወራት ሠርቷል።

አሁን ባለሙያ ስናስገባ ምን እንበል? ከጋሼ የሰማሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከሁሉ የሚሻለው አለመቀጠል ነው። አዲስ ቤት የምትሠሩ፣ ሽቦው ቦርዱ ጋ ሲደርስ በልኩ አይቆረጥ፤ ጥቅል ብሎ የሚቀመጥ ትርፍ ይተው በሉ። አንድ ክንድ ትርፍ ሽቦ ነገ ቦርዱ ቢቀየር ከመቀጠል ያድናል። ቦርዱ ሲዛወርም ለምጣድና ለስቶቭ የሚሄደው መስመር፣ ብዙ ኃይል የሚሸከመው ማለት ነው፣ ከተቻለ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ይጎተት።

ሁለተኛ፣ መቀጠል ግድ ከሆነ በማገናኛ ይሁን። ባለሙያዎቹ ሞርሴቶ የሚሉትን፣ ሽቦው ገብቶ በብሎን የሚጠብቀውን፣ ወይም በመሣሪያ ተጨፍልቆ የሚይዘውን ማለቴ ነው። ማገናኛው ለሽቦው ውፍረት ልክ ይሁን። ፕላስተር ይሸፍናል እንጂ አያጠብቅም። ማገናኛውም ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ነገ ተከፍቶ ሊታይ በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ ከኮርኒስ በላይ ተጥሎ ወይም ከብሬከሮቹ ጀርባ ተጨቁኖ አይቅር። የቤታችን ግድግዳ እንጨትና ጭድ ነው፤ ይህን አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የሚቀጠለው ሽቦ ከነበረው አይቅጠን። ለአምፖል የተለመደው 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ነው፤ ለምጣድ 4፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ ወይም ምጣዱ ትልቅ ከሆነ 6። ቁጥሩ በሽቦው ልባስ ላይ ወይም በጥቅሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ አንብቡት። ማንበብ የሚያስቸግራት እናት ካለች ልጇ ታንብብላት። ቀለሙም ይጠበቅ። በድሮ ቤቶች ቀይና ጥቁር፣ በአሁኖቹ ቡናማና ሰማያዊ እናያለን። አረንጓዴና ቢጫ ሰረዝ ያለው ግን የመሬት ሽቦ ነው። እሱ ሳይቀጠል ተቆርጦ ቢቀር ምጣዱ ይሠራል፣ አምፖሉም ይበራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው የምጣዱ ብረት ኤሌክትሪክ የያዘ ቀን ነው። በእርጥብ እጃችን የምንይዘው ደግሞ እኛ ነን። “የመሬቱ ሽቦስ የት አለ?” ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ብሬከር የሚመረጠው ለሽቦው እንጂ ለፍላጎታችን አይደለም። የኔ ሁለተኛ ስሕተት ይህ ነበር። ባለ 16 ብሬከር ሲወርድብኝ “ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም” እያለኝ ነበር። እኔ ግን ዘበኛውን አባርሬ በቦታው እንቅልፋም ቀጠርኩ። ባለ 32 ብሬከር ባለ 2.5 ሽቦ ላይ ሲቀመጥ ሽቦው እየተቃጠለ ብሬከሩ ዝም ይላል። አሁን ምጣዴ ለብቻው በባለ 4 ሽቦ፣ በባለ 20 ብሬከር ነው። ስቶቩ ሌላ መስመር ላይ ነው። ብሬከሩ እየደጋገመ ከወረደ “ምን ያህል ጫንኩበት?” ብለን እንጠይቅ እንጂ በትልቅ አንለውጠው።

አምስተኛ፣ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የኛ አይደለም። ዋናውን ማጥፊያ ስናወርድ ቤቱ በሙሉ የጠፋ ይመስለናል። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪውም እስከ ዋናው ማጥፊያ ያለው ገመድ ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው። እሱን መንካት ያለበት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ ብቻ ነው፤ 905 ብላችሁ ደውሉ። በቤት ውስጥ የሚሠራው ባለሙያም ካጠፋ በኋላ በቴስተር ሳያረጋግጥ ሽቦ ሲይዝ ካያችሁ “ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፈትሽ” በሉት። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

በአንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ቤት የምታከራዩ እናቶችም እዚህ አላችሁ። ለተከራይ መስመር በመስኮት አውጥቶ ከሶኬት መቀጠል በየግቢው የተለመደ ነው። አንዱ ተከራይ ምጣድ የገዛ ዕለት ያ ቀጭን ገመድ ሁሉንም ይሸከማል። መስመሩ ከቦርዱ ለብቻው፣ በራሱ ብሬከር ይውጣ። ቤቱም ኪራዩም የሚድነው ያኔ ነው።

አቅም ያላችሁ ደግሞ ሰውን የሚያድነውን ብሬከር አስገጥሙ። ላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ጽሑፍና ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው ኤሌክትሪኩ መንገድ መሳቱን አውቆ ወዲያው ይቆርጣል። ተራው ብሬከር ሽቦን ይጠብቃል፤ ይህኛው እኛን ይጠብቃል።

እህቶቼ፣ እኛ ወለጋዎች ለኤሌክትሪክ እንግዳ አይደለንም። የፊንጫ ግድብ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ኃይል መስጠት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ከፊንጫም ይምጣ ከዓባይ፣ ያ ሁሉ ኃይል ቤታችን የሚገባው በአንዲት ትንሽ ብሎን በኩል ነው። ብሎኗ ከላላች ለኛ የተረፈን ጭስ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ ለምጣድ የምናበድረው ብድር የሽቦውንና የብሬከሩን ዋጋ ጨምሮ ይሁን። ምጣድ ብቻ አበድረን ገመዱን ብንረሳ፣ ያበደርነው ገንዘብ የሚመለሰው ከተቃጠለ ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ ሁላችን አዋጥተን አንድ ብቁ ባለሙያ እንቅጠርና የየአባሉን ቦርድ በየተራ ይክፈትልን። ብሎኖቹን ያጥብቅ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ካለ ፈትቶ በማገናኛ ይተካ። አሥር ቤት በአንድ ላይ ሲሠራ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። አንዲት አባል ቤቷ ባለሙያ በሚገባበት ቀን ሌላዋ አብራት ትገኝ። ብቻችንን ስንሆን እናፍራለን፣ “ሴት ምን ታውቃለች” እንዳንባል ዝም እንላለን። ሁለት ስንሆን ግን እንጠይቃለን። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት “ከመሸፈኑ በፊት አሳየኝ” እንበል። ማገናኛውን እንይ፤ ዋናው እንደጠፋ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጎ እንዲያሳየን እንጠይቅ። ከማገናኛው ከወጣ አልጠበቀም ማለት ነው። ከዚያ በስልክ ፎቶ እናንሳው። ነገ ሌላ ባለሙያ ሲመጣ ፎቶው ይመራዋል።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ ይህን አድርጉ። ምጣዳችሁ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የቦርዱን ክዳን ሳትከፍቱ፣ በደረቅ እጅ ጀርባ ከውጭ ዳሰስ አድርጉት። ከሞቀ፣ ከሸተተ ወይም ካንጣጣ ዋናውን አውርዱና ባለሙያ ጥሩ። እሳት ከተነሳ ልጆችን አስወጡ፤ ማጥፊያው እሳቱ አጠገብ ካልሆነ አውርዱ፤ ውሃ አታድርጉ።

ያን ልጅ ከዚያ በኋላ አግኝቼዋለሁ። የተቃጠለውን ሽቦ አስቀምጬው ነበርና አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየውና “አዴ፣ እንዲህ ስትሠራ ማንም አስቁሞኝ አያውቅም” አለኝ። አልሰደብኩትም። አሁን ማገናኛ ሳይዝ ሥራ እንደማይሄድ ሰምቻለሁ። እኔም ያኔ “የቱ ይረክሳል?” ከማለት ይልቅ “አሳየኝ” ብለው ኖሮ ለሁለታችንም በበጀን ነበር።

ሽቦውን ይዤው መጥቻለሁ፤ ይኸውላችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት። ያቺ ባለፈው ወር ያሳቀችን እህታችንም ቀድማ ትየው። “ገመድ ምኑ ይታያል?” ብላ ነበርና፣ ይኸው ይታያል።

ፈጣሪ ቤታችንን ይጠብቅልን።